ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሰዓት? የአድማጮች ጥያቄና የበረራ ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ከለንደን ኒውዮርክ ምን ያህል ይርቃል?
መልስ፦ በአየር 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱ ስምንት ሰዓት አካባቢ፣ ሲመለሱ ሰባት ወይም ከዚያ በታች።

ጥያቄ፦ መንገዱ አንድ አይደል? ፓይለቱ ቤቱ ናፍቆት ነው ሲመለስ የሚፈጥነው?
መልስ፦ ቢናፍቀውም አይፈረድበትም፤ ግን ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በሰዓት 900 የሚበር አውሮፕላን ከኋላ ሲገፋው ከመሬት አንጻር 1,100 ይሄዳል፣ ፊት ለፊት ሲገጥመው 700።

ጥያቄ፦ ሰዓቱን ራሴ ማስላት እችላለሁ?
መልስ፦ ለግምት ያህል ኪሎ ሜትሩን ለ850 ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ወደ ምዕራብ ከሆነ ትንሽ ያክሉበት። ግን በኪሎ ሜትር ብቻ ቀጠሮ አይያዙ! ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋበት ወደ 13 ሰዓት ተጠግቷል። ከተሞቹ ያው ያሉበት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከቶኪዮ 11:00 ተነሥቼ ኒውዮርክ በዚያው ቀን 11:00 እደርሳለሁ ይላል። ተሳስተው ነው?
መልስ፦ ልክ ናቸው። በረራው 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ኒውዮርክም በሞቃት ወራቷ ከቶኪዮ 13 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ቲኬት ላይ ያለው ሁሉ የየከተማው ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ በሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ነው የምጓዘው። አንዱ 12:10 ያርፋል፣ ሌላው 14:00 ይነሣል። ይበቃኛል?
መልስ፦ አይበቃዎትም። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ሳምንት የለም፣ ርካሽ ስለሆነ ሁሉም ይገዛዋል። እስቲ አብረን እንቁጠር። አውሮፕላኑ አርፎ በሩ ላይ እስኪቆም 15 ደቂቃ፣ ከውስጥ እስኪወጡ ሌላ 15። ቲኬቱ ለየብቻ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሻንጣዎ አይሻገርልዎትም፤ ፓስፖርት አስመትተው ገብተው ራስዎ መቀበል አለብዎት። ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ አገር ከሆነና ከሌለዎት ደግሞ እዚያው ቀሩ። ሰልፉና ሻንጣው አንድ ሰዓት ቢወስዱ 13:40 ሆነ። የረጅም በረራ ቼክ ኢን ብዙ ጊዜ ከመነሻው አንድ ሰዓት በፊት፣ ማለትም 13:00 ላይ ተዘግቷል። ስለዚህ ያለዎት 110 ደቂቃ ሳይሆን 50 ነው፣ ያውም ነፋሱ ካላዘገየዎት። ካመለጥዎት ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው አያገባውም። በዚያ ቲኬት ላይ ያለው መመለሻም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል! ሙሉ ጉዞውን በአንድ ቲኬት ይግዙ፤ ያኔ ቢዘገይ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ግድ ከሆነ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ይተው፣ የቀኑን የመጨረሻ በረራም አይያዙ።

ጥያቄ፦ በ15ኛው ቀን 00:30 የሚል ቲኬት አለኝ። መቼ ልውጣ?
መልስ፦ በ14ኛው ቀን ማታ፤ 00:30 ማለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ 15ኛው ቀን በገባ በግማሽ ሰዓት ነው። በ15 ማታ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ፤ እርስዎ አይሁኑ።

ጥያቄ፦ ከሲንጋፖር ኒውዮርክ 18 ሰዓት ነው አሉኝ። የእንቅልፍ ክኒን ውጬ ብተኛስ?
መልስ፦ ርቀቱ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሰዓቱ ልክ ነው። ክኒኑን ግን እኔን አይጠይቁኝ። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፣ ክኒን የወሰደ ሰው ደግሞ አይነሣም፣ አይዘረጋም። ከመጠጥ ጋርማ በፍጹም። ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወይም ደም ረግቶብዎት የሚያውቅ ከሆነ ቲኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት።