አንድ ዕቃ ቀየርኩ፣ ኮምፒውተሬ እምቢ አለ
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ላይ ሁለተኛ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጨመርኩ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ማዘርቦርዱን (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበትን ዋና ሰሌዳ) አቃጠልኩት እንዴ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ለመደንገጥ ገና ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ራሙ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር ነው። በዓይን ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ አንድ ጎኑ ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ኮምፒውተሩን አጥፋና ገመዱን ከሶኬት ንቀል። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የኬዙን ብረት ነካ አድርግና ሁለቱንም ራም አውጣ። ከዚያ አሮጌውን ብቻ በነበረበት መልሰው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ማዘርቦርድህ ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥለህ አዲሱን ብቻውን እዚያው ቦታ ሞክረው። ቀጭ የሚል ድምፅ እስክትሰማ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫነው። ሁለቱም ለየብቻ ሠርተው አንድ ላይ እምቢ ካሉ አይስማሙም፣ ወይም የገቡበት ቦታ ልክ አይደለም። አራት የራም ቦታ ባላቸው ማዘርቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ራም የሚገባው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው።

አዲሱ ጨርሶ አልገባ ካለህ በጉልበት አትግፋው። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ርዝመታቸው አንድ ነው፤ ከታች ያለችው ክፍተት ግን ቦታዋ ይለያያል። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ማዘርቦርድህ የዲዲአር5 ከሆነ ደግሞ ታገሥ። መጀመሪያ ሲነሳ ራሙን እስኪለማመድ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ለልጄ ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ አስገባሁለት። ስክሪኑ «ሲግናል የለም» ይላል።

መልስ፦ እናቴ፣ የስክሪኑ ገመድ የት ላይ እንደተሰካ መጀመሪያ ይዩልኝ። ድሮ በነበረበት ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ነቅለው አዲሱ ካርድ ላይ ይሰኩት። ችግሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

ካልሆነ ካርዱ የራሱ የኃይል ገመድ ይፈልግ እንደሆነ ይመልከቱ። ከማዘርቦርዱ የሚያገኘው እስከ 75 ዋት ብቻ ነው። ባለ 6 ፒኑ ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይጨምርለታል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) የቀየራችሁ ሁሉ ስሙኝ። ገመዶቹ የሚነቀሉ ከሆነ የአሮጌውን ገመድ በአዲሱ ላይ አትጠቀሙ። ልክክ ብሎ ቢገባም እንኳ የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ሊለያይ ይችላል። ሃርድ ዲስክ የሚያቃጥል ስህተት ነው። ከነሙሉ ፋይሉ!

ጥያቄ፦ ማዘርቦርድ ቀየርኩ። አሁን ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር አምጣ ይለኛል። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ በፍጹም! ፎርማት ካደረግክ ፋይልህ ሄደ። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው የጠየቀህ። ዲስክህ በቁልፍ የታሸገ ነው፤ ቁልፉን ይዞ በራሱ ሲከፍትልህ የነበረው አሮጌው ማዘርቦርድ ነው። አዲሱ አያውቀውም። በስልክህም ቢሆን ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትህ ግባና በመሣሪያዎችህ ሥር የመልሶ ማግኛ ቁልፉን፣ ማለትም ባለ 48 አሃዙን ቁጥር ፈልግ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ጠይቅ። አጣሁት ካልክ አሮጌው ማዘርቦርድ በሕይወት እስካለ ድረስ መልሰህ ግጠመው፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ላይ የነካካኸው ነገር ከሌለ ሳይጠይቅህ ሊከፍት ይችላል። ከተከፈተልህ ፋይሎችህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ፣ ቢትሎከርን ለጊዜው አቁመው፣ ከዚያ ማዘርቦርዱን ቀይር። አሮጌውን ለማንም እንዳትሰጥ፣ እንዳትጥለውም።