ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ሲር ሲር ለሚሉ ሕፃናት መከላከያ መድኃኒት አለን? የአድማጮች ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ ሳምንት የጤና ሰዓት ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የደወሉ አድማጮች ስለ ትንንሽ ሕፃናት ተደጋጋሚ የደረት ሲርታ፣ በተለይም ሲርታውን አስቀድሞ ለመከላከል ስለሚሞከር መድኃኒት ጠይቀዋል። የሕፃናት ሐኪሙ የሰጧቸውን መልሶች እንደሚከተለው በጽሑፍ አቅርበናል።

ከደብረ ማርቆስ፣ የሁለት ዓመት ልጅ እናት፦ ዶክተር፣ ልጄ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ክረምቱን እንዲሁ ስንመላለስ ነው የምናሳልፈው። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ለሕፃናት የሚሰጥ መከላከያ እንክብል አለ ብሎናል። እውነት ነው? ብናስመጣውስ?

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት መድኃኒት በእርግጥ አለ። ኦኤም-85 ይባላል። የመተንፈሻ አካልን ከሚያጠቁ 8 የባክቴሪያ ዓይነቶች፣ በዝርያ ሲቆጠሩ ከ21 ዝርያዎች፣ ተሰባብረው ከሞቱ ሕዋሳት የሚዘጋጅ ዱቄት ነው። ለሕፃናት የሚሆነው መጠን 3.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ እንክብሉ ተከፍቶ በወተት ወይም በጭማቂ ይሰጣል። ልጅዎ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የተከተበው የሳንባ ምች ክትባት አንድን ጀርም ለይቶ የሚከላከል ነው፤ ይህኛው ግን በአንጀት በኩል የሰውነትን መከላከያ በጥቅሉ እንዲያነቃቃ ታስቦ የሚወሰድ በመሆኑ አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። በቱርክ አገር ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት የሆኑ 75 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን በወር ለ10 ቀን፣ ለ3 ወር የወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ የገጠማቸው የሲርታ ሕመም ካልወሰዱት በ38 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሕመሙ ሲነሳም ሁለት ቀን ያህል ቀድሞ ይለቅቃቸው ነበር። ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን 75 ሕፃን ጥቂት ነው፤ አንድ ዓመትም አጭር ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን መሰል መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ከመረመረ በኋላ፣ ተደጋጋሚ የመተንፈሻ አካል ሕመምን ለመከላከል ብቻ እንጂ፣ የያዘን ሕመም ለማከምም ሆነ የሳንባ ምችን ለመከላከል እንዳይሰጡ ወስኗል፤ አምራቾቹም ስለ ጥቅማቸው ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያቀርቡ አዝዟል። ስለዚህ እኔ በሻንጣ ተይዞ የመጣ፣ በምን ሁኔታ እንደተቀመጠ የማይታወቅ እንክብል ለልጅዎ እንዲሰጡ አልመክርም።

ከፍኖተ ሰላም፣ የሦስት ልጆች አባት፦ በእንዲህ ያለ ሙከራ ግማሾቹ ሕፃናት መድኃኒት ያልሆነ ነገር ይሰጣቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የታመመን ሕፃን እንዲህ ማድረግ ማታለል አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ በቱሶን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የተወለዱ ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት ለብዙ ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ 6 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ግማሽ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲር ሲር ብለዋል፤ ይሁንና ከ3 ዓመታቸው በፊት ሲር ሲር ካሉት ውስጥ የሚበዙት 6 ዓመት ሲሞላቸው ሕመሙ ትቷቸዋል። የትንሽ ሕፃን የአየር ቧንቧ ጠባብ ስለሆነ በጉንፋን ቫይረስ ትንሽ ሲያብጥና አክታ ሲይዝ ድምፅ ያወጣል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ቧንቧውም ይሰፋል። እንግዲህ በነሐሴ መጨረሻ ክረምቱን አስወጣላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው በመስከረም እውነተኛ መስሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ ማርም ይሁን ሥር፣ በአራት ዓመቱ አዳነው ሊባል ይችላል። መድኃኒቱ ከዕድሜው የበለጠ ምን እንደጨመረ ማወቅ የሚቻለው፣ በዕጣ ተለይተው መድኃኒቱን ያልወሰዱ ተመሳሳይ ሕፃናት አብረው ሲታዩ ብቻ ነው። ወላጅም ሐኪምም የትኛው ለማን እንደደረሰ ሳያውቁ መቆየታቸው፣ ተስፋ ያደረገ ሰው ሳሉን አቅልሎ እንዳይመዘግብ ነው። ማታለል የሚሆነው ለወላጁ ሳይነገረው ቢደረግ ነበር። ከዚህም በላይ፣ ሕፃኑ ሲያመው የሚገባውን ሕክምና ከሁለቱም ወገን ማንም አይከለከልም፤ የሚወዳደረው በላዩ ላይ የሚጨመረው መከላከያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሚወሰድበት ጊዜ ሕመምን መቀነስና የሕመሙን መንገድ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአስም ተጋላጭ ናቸው የተባሉ፣ ዕድሜያቸው 2 እና 3 ዓመት የሆኑ 285 ሕፃናት በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ግማሾቹ ፍሉቲካዞን የተባለውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ለሁለት ዓመት በየቀኑ ወስደዋል። እየወሰዱ ሳሉ ደህና ሆነው የዋሉባቸው ቀናት ከሌሎቹ በርክተዋል። መድኃኒቱ ቆሞ በተከታተሏቸው በሦስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ በሁለት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቁመታቸው ካልወሰዱት በ1.1 ሴንቲሜትር አንሶ ተገኝቷል። ያ ሦስተኛ ዓመት ባይኖር ኖሮ አስምን የሚያስቀር መድኃኒት አገኘን ብለን እናውጅ ነበር። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተመራው የኦኤም-85 ሙከራም በዚሁ ሥርዓት የተነደፈ ነው፤ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ችፌ ያለባቸው ወይም ከወላጆቻቸው አንዱ አስም ያለበት ሕፃናት በወር ለ10 ቀን፣ ለሁለት ዓመት እንዲወስዱና ከዚያ ያለ መድኃኒት ለአንድ ዓመት እንዲታዩ ነው። እኔ ማንኛውንም መከላከያ የምመዝነው በዚያ መድኃኒት በሌለበት ዓመት ነው።

ከእንጅባራ፦ እኛ ከብት ያለን፣ ዲከረንስ ተክለንም ከሰል የምናከስል ነን። ከከብት ጋር ያደገ ልጅ አስም አይዘውም ይባላል። ታዲያ የእኛ ልጅ ለምን ሲር ሲር ይላል?

መልስ፦ አባባሉ መሠረት አለው። ባክቴሪያ ለመከላከያነት ይጠቅም ይሆናል የሚለው ሐሳብ ራሱ ከከብት ቤት ነው የመጣው ቢባል ብዙ አይሳሳትም። በአሜሪካ የሚኖሩ አሚሽ እና ሃተራይት የተባሉ፣ በዘር የሚቀራረቡ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦች እ.ኤ.አ. በ2016 ሲነጻጸሩ፣ ከከብቶቻቸው ጋር ተቀራርበው በሚኖሩት በአሚሾቹ ልጆች ዘንድ አስም እጅግ ያነሰ ነበር፤ የቤታቸው አቧራም ከባክቴሪያ በሚመጡ ነገሮች የበለጸገ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችንም በጅማ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ሲርታ በገጠሩ ከከተማው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን የበረት አቧራ ሌላ፣ ጭስ ሌላ ነው። ሕፃኑን አዝላ ምጣድ ላይ ያጎነበሰች እናት፣ ጭሱ ፊቷን አልፎ የሚሄደው ትከሻዋ ላይ ወዳለው ወደ ሕፃኑ አፍንጫ ነው። ከከሰሉ ክምር የሚወጣው ጭስም እንዲሁ። ጭስ የአየር ቧንቧን ይቆጣል፤ በጉንፋን ላይ ሲደረብ ደግሞ ይብሳል። እንጀራ ሲጋገር ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው፤ የሚይዝ ከጠፋ በሩ ይከፈት፣ ከተቻለም ማድ ቤቱ ከመኝታው ይለይ። ክምሩም ሕፃን ከሚተኛበት ቤት ርቆ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማይወስድበት በኩል ይሁን። ይህ ወጪው ትንሽ ነው፤ ማንም ሙከራ እስኪያልቅ አያስጠብቅም።

ከሞጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ሲርታን ከሳንባ ምች የምለየው እንዴት ነው? የሚነፋው መድኃኒት እያለ የሕፃን መሳቢያ ዕቃ ሲጠፋስ?

መልስ፦ ትንፋሹን ልጁ ተረጋግቶ ሳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲርታ ያለበት ሕፃን ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ የሳንባ ምች ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ሳልቡታሞል የተባለው የሚነፋ የአየር ቧንቧ ማስፊያ መድኃኒት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ልዩነት እስከ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶት እንደገና ይቆጠራል። መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚያንቀጠቅጠው ወይም የደነዘዘ ሕፃን ግን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። መሳቢያውን በተመለከተ፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ታጥቦ፣ ቂጡ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ተበስቶና ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ ያገለግላል። መድኃኒቱ ይናወጣል፤ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይተነፍሳል። በጠርሙስ አፍ መሳብ ለማይችል ሕፃን በጠርሙሱ አንገት ላይ የፊት ጭምብል ይገጠማል።

ከቢቸና፣ አያት፦ ልጄ፣ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ ይሉኛል።

መልስ፦ አይቆረጥ፣ እማማ። ሲርታው ያለው ደረት ውስጥ ባለው ቧንቧ እንጂ በእንጥሉ አይደለም፤ መቁረጡ ግን ሕፃኑን ሊያደማውና ሊያመረቅዝበት ይችላል።

ከባሕር ዳር፦ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ሙከራ እዚህ ቢመጣና ልጄን አሳትፍ ብባል ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው ይጠይቁ። ቀጥሎ ልጁ በሌሊት ቢታመም ለማን እንደሚደውሉና የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይጠይቁ። መድኃኒቱ ጠቃሚ ሆኖ ቢገኝ በዕጣ ላልደረሳቸው ሕፃናት በኋላ ይሰጣቸው እንደሆነም ይወቁ፤ ይህን ወላጆች ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም። ወረቀቱን ቤት ወስደው ከባለቤትዎ ጋር ያንብቡት፤ ዛሬውኑ ይፈርሙ ብሎ የሚያጣድፍ ሰው ካለ አይፈርሙ። ከገቡ በኋላም በፈለጉት ቀን መውጣት ይችላሉ፤ በመውጣትዎ ልጅዎ ከመደበኛ ሕክምናው የሚጎድልበት ነገር ሊኖር አይገባም።