ጳጉሜን 5 በሮም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ላጫውታችሁ የፈለግሁት ከአባቴ ጋር ስለማቅደው ጉዞ ነው። አባባን ይዤ ሮም ልሄድ ነው። ቪዛ ገና አልጠየቅንም፣ ትኬትም አልቆረጥንም። አንድ ነገር ግን ተቆርጦ አልቋል፤ ቀኑ። ጳጉሜን 5 ቀን አመሻሹ ላይ ሮም መገኘት አለብን። ሆቴሉም፣ በረራውም፣ የሙዚየሙ ቀጠሮም በዚህ ቀን ዙሪያ ነው የሚደረደረው።

ቀኑ ለምን እንደተመረጠ ልንገራችሁ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈበትን ቀን አብዛኞቻችን የምናውቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። በእኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። አባባ ያኔ ልጅ ነበሩ። ዕንቁጣጣሽና የአበበ ወሬ አንድ ላይ ቤታቸው እንደገቡ፣ ሰፈሩ በዚያ ቀን የሚጨፍረው ለየትኛው እንደሆነ መለየት እንዳልተቻለ ሲነግሩኝ ነው ያደግሁት። ሮምን ለማየት ከዚህ ቀን የተሻለ ቀን አላገኘሁም።

ውድድሩ የተጀመረው ሊመሽ ሲል ነበር፤ የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ። መነሻው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ነው፤ ሯጮቹ ከከተማው ወጥተው፣ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመልሰው፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ይጨርሳሉ። በአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመው ያበሩላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ ገባ፤ ራዲ ከ25 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ተከተለው።

እኔ ልቤን የሚነካኝ ግን ከመግቢያው ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው ቦታ ነው። ፖርታ ካፔና ይባላል። በዚያ ምሽት በአደባባዩ ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሃያ አራት ሜትር የሚረዝመው የእኛው ሐውልት፣ የፋሽስት ጦር በ1937 እ.ኤ.አ. ከአክሱም አንስቶ፣ በምፅዋ በኩል በመርከብ አጓጉዞ እዚያ የተከለው። አበበና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን ሲያጠኑ ሐውልቱን አይተው፣ የመጨረሻው ሩጫ ከዚህ ይጀመር ብለው እንደወሰኑ ይነገራል። እስቲ አስቡት። የክብር ዘበኛ ወታደር፣ በወራሪው አገር ዋና ከተማ፣ ተዘርፎ በሄደው ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተፎካካሪውን ጥሎ ሲሄድ! ይህን የሚያህል ነገር በዓለም ስፖርት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተፈጸመ አይመስለኝም።

ስለዚህ የዕቅዳችን እምብርት ይህ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን አመሻሽ ላይ ፖርታ ካፔና እንቆማለን፤ ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና በኩል እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በእግራችን እንሄዳለን። ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ይህችን መንገድ በመኪና አልሄዳትም ብለዋል። ቀስ እያልን፣ እያረፍን እንሄዳለን። ጎዳናው ዳር ለአበበ መታሰቢያ የተደረገ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ አለ፤ ድሉ 50 ዓመት ሲሞላው በ2010 እ.ኤ.አ. የተደረገ ነው። በዚያው ዓመት የሮም ማራቶንን ያሸነፈው ሲራጅ ገና መጨረሻው ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቷል። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ።

ፖርታ ካፔና ሄደን ሐውልቱን አናየውም፤ የተነሳበትን ቦታ እንጂ። ይህ ደግሞ ለእኔ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ኢጣሊያ በ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የዘረፈቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ አክሱም የደረሰው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ ስምንት ወር የተባለው 58 ዓመት ሆነ ማለት ነው። በመካከሉ፣ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ መብረቅ መታው። ከዚያ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በግዙፍ የአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ መጣ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. አክሱም ላይ ተመልሶ ቆመ። የእኛ ምሁራን፣ የአክሱም ሰዎች፣ ለኢትዮጵያ የቆሙ ኢጣሊያውያንም ጭምር ለዓመታት ጽፈዋል፣ ጮኸዋል፣ ፊርማ አሰባስበዋል። ሐውልቱ ከዚያ ቦታ መነሣቱ የእነሱ ድካም ያስገኘው ነው። ሮም ውስጥ የዘረፋ ሐውልት ሞልቷል፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ሐውልት ቦታ ግን ከዚህ ሌላ የት ይገኛል?

አጎቴ ይህን ዕቅድ ሲሰሙ አልወደዱትም። «በየካቲት 12 ወገናችንን የፈጀ አገር ሄዳችሁ ገንዘብ ታፈስሳላችሁ?» አሉን። ንግግራቸውን አቅልዬ አላየሁትም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሆነው በየቤተሰባችን ያለ ቁስል ነው። እኔ የመለስኩላቸው ይህን ነበር፤ «ጋሼ፣ የምንሄደው ልንረሳ አይደለም። በዚያች ከተማ ውስጥ የእኛ ታሪክ በድንጋይ ተጽፎ ተቀምጧል። እኛ ሄደን ካላነበብነው ማን ያነብልናል?» አልተስማሙም፤ መርቀው ግን ሸኙኝ።

በድንጋይ ተጽፏል ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ስትመጡ ተርሚኒ ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ የአምስቱ መቶዎች አደባባይ። አምስቱ መቶዎች እነማን ናቸው? በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በየቀኑ ስፍር ቁጥር የሌለው መንገደኛ በዚያ ያልፋል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ስንቱ ይሆን?

ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ብሎ የሟቾቹ መታሰቢያ አለ። መታሰቢያው ላይ የተተከለው ድንጋይ ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። የሌላ አፍሪካ አገር ቅርስ፣ አፍሪካን ሊይዙ ሄደው ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ሆነ። ከሥሩ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ተነቅሎ የሄደው የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦ ነበር። ኤርትራዊውን ዘርዓይ ደረስን የማነሣው ለዚህ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ከዚያ አንበሳ ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ሊያስነሱት ሲሞክሩ ሰይፉን መዘዘ የሚለው ታሪክ በኢትዮጵያም በኤርትራም ትውልድ ሲቀባበለው የኖረ ነው። ዘርዓይ አገሩን ሳያይ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲሲሊ ውስጥ በእስር እንዳለ አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ከመሄዳችን በፊት አባባን ለገሃር ወስጄ አንበሳውን እንደገና እናየዋለን፤ ከዚያ ሮም ላይ የነበረበትን ቦታ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑ ደስ ይለኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ሮም ላንሣ። ቁጣ ብቻ ይዞ ወደዚያች ከተማ መሄድ እኛው ራሳችን ያለንን ድርሻ መተው ነው ብዬ አምናለሁ። ከፋሽስቶቹ 400 ዓመት በፊት ሮም ውስጥ የእኛ መነኮሳት ነበሩ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆነ። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ. የታተመው ሮም ውስጥ ነው፤ አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝን የተማረው ከእነዚያ መነኮሳት ነበር።

ከሁሉም በላይ የማስበው ግን አባ ተስፋ ጽዮንን ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ለስህተቱ ይቅርታ ይለምናሉ፤ ፊደሉን የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አንችልም፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ሆነን ሠራነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ሰውየው ከፊቴ የተቀመጡ ያህል ይሰማኛል። ከአገር ርቆ፣ በባዕድ ማተሚያ ቤት፣ ገጽ በገጽ እያረሙ። እርሳቸው የወጡበት ገዳም ላይ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱን ጨፈጨፉ። ሁለቱም የሮም ታሪክ ነው፤ ሁለቱንም ማየት እፈልጋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በቫቲካን ግዛት ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌላው ደጅ ከፍቶ የሚገባበት አይደለም። የቫቲካንን የአትክልት ሥፍራ በአስጎብኚ የሚያሳይ ጉብኝት በቅድሚያ ይያዛል፤ እኛም ያንን እንይዝና ለአስጎብኚው እንነግረዋለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን በነጻ ይገባል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ስለዚህ በጠዋት። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ለዚህ ይበቃል።

ስለ ቪዛው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጥሏል። የሌላው አገር ሰው ማመልከቻ በ15 ቀን ሲታይ የእኛ መደበኛ ጊዜ 45 ቀን ሆነ፤ ተመላላሽ ቪዛም ተከለከለ። ምክንያቱ በመንግሥታት መካከል ያለ የስደተኞች መመለስ ጉዳይ ነው፤ ዕዳውን ግን የሚከፍሉት እንደ አባባ ያሉ፣ አንድ መንገድ በእግራቸው ሊሄዱ የሚመኙ አዛውንት ናቸው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፣ ደግሜ እላለሁ፣ ፍትሐዊ አይደለም። እኛ የምናደርገው በጊዜ መነሣት ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ስለዚህ በመጋቢት እንጀምራለን። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የባንክ መግለጫ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የአባባ የጡረታ ወረቀት፤ ሁሉንም በአንድ ማኅደር እያደራጀሁ ነው።

የሩፋኤልን ዕለት፣ ጳጉሜን 3ን፣ አዲስ አበባ እናሳልፋለን፤ አባባ ያንን ጸበል የሚያስቀርባቸው ነገር የለም። በማግስቱ በቀጥታ በረራ ሮም እንገባለን። አባባ የጳጉሜንን ጾም ይጾማሉ፤ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ለእርሳቸው ግዴታ ነው። ለጾመኛ ሮም አታስቸግርም፤ ፒዛ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። ፓስታ በቲማቲምም በየቦታው አለ፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት መንገር ብቻ ነው። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በከተማው ሁሉ ቀን ከሌሊት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል። አባባ ማኪያቶ የሚወዱ ሰው ናቸው። ባንኮኒው ላይ ቆሞ መጠጣት ወንበር ይዞ ከመጠጣት ይረክሳል፤ እርሳቸው ግን እንዲቀመጡ ነው የምፈልገው፤ ልዩነቱን እከፍላለሁ።

ኮሎሲየም? አዎን፣ እንገባለን። ትኬቱ በስም ነው የሚቆረጠው፣ ፓስፖርትም ይጠየቃል፤ በኦፊሴላዊው ድረ ገጽ ላይ ሽያጩ የሚከፈተው 30 ቀን ሲቀረው ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ያንን ቀን በቀን መቁጠሪያዬ ላይ በቀይ አክብቤዋለሁ። የቀረው ጊዜ ለአብያተ ክርስቲያናት ነው። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ገብቶ የካራቫጆን የማቴዎስ ጥሪ ማየት ምንም አያስከፍልም። ጌታ ወደ ቀራጩ እጁን ሲዘረጋ፣ ብርሃኑ ከእጁ በላይ በግድግዳው ላይ ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል ነው። የአባባን ፊት ከሥዕሉ ፊት ማየት እጓጓለሁ።

ሮም የምትኖሩ ወገኖች ይህን እንደምትሰሙ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ባለው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አረፍ የሚልበት አግዳሚ ወንበር አለ ወይስ ተጣጣፊ ወንበር ልያዝ? ሁለተኛ፣ የዕንቁጣጣሽን ዕለት ጠዋት የምትሰባሰቡበትን ቦታ ጻፉልኝ፤ አባባ በዓሉን ከሰው ጋር እንዲውሉ እፈልጋለሁ። መልሳችሁን በሚቀጥለው ክፍል አነብበዋለሁ። ደኅና ሰንብቱ።