በወጥ ቤት ጓሮ ስም የሚጠራው የአበባ መናፈሻ

[ምስል፦ ጉም፣ ጥቁር አፈር፣ ተንበርክከው የሚተክሉ አትክልተኞች]

አበባውን ቶሎ እንዳሳያችሁ ፈልጋችሁ ይሆናል። ትንሽ ታገሱኝ፣ መጀመሪያ ጭቃውን እንይ።

ጊዜው ጥቅምት ነው። ቦታው ኔዘርላንድስ፣ ሊሰ የምትባል ትንሽ ከተማ። መናፈሻው ኩከንሆፍ ይባላል፤ ስፋቱ 32 ሄክታር ነው። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ኮረት፣ ማለትም አበባው የሚበቅልበትን ድቡልቡል ሥር፣ በእጃቸው ይተክላሉ። ኮረቱን ቀይ ሽንኩርት ነው ብላችሁ ብታልፉት አልፈርድባችሁም፣ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው። እንዲያውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ የተራቡ ሆላንዶች ቱሊፕ የሚባለውን አበባ ኮረት ቀቅለው በልተዋል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።)

[ምስል፦ የአፈሩ ውስጥ በሥዕል]

አተካከሉ ብልሃት አለው። አንዱን በአንዱ ላይ ይደርቡታል። ከታች ዘግይቶ የሚያብበው ቱሊፕ ይገባል፣ ከሱ በላይ ቀደም የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ክሮከስ የምትባለው ትንሽዬ አበባ። ክሮከሷ ስትጠወልግ ቱሊፑ በዚያው መደብ ብቅ ይላል። የክረምቱ ብርድም ሥራ አለው፤ ቱሊፕ ለሳምንታት ብርድ ካልጠጣ በወጉ አያብብም።

[ምስል፦ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ ኩሬ፣ ትልልቅ ዛፎች]

ኩከንሆፍ ማለት የወጥ ቤት ጓሮ ማለት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው ጫካ ነበር። የሆላንድ ገዢ የነበረችው የባቫሪያዋ ያኮባ ቤተ መንግሥት ቅርብ ስለነበር፣ ለማዕድ ቤቱ የሚሆን ቅጠላ ቅጠል ከዚህ ይለቀም ነበር። በ1857 መናፈሻ ቀያሹ ያን ዳቪድ ዞከርና ልጁ ሉዊ ፓውል ግቢውን እንደ እንግሊዝ መናፈሻ አድርገው ቀየሱት። ፎንደልፓርክ የሚባለው የአምስተርዳም መናፈሻም የነሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። በ1949 ሃያ የኮረት አምራቾችና ላኪዎች ተሰባሰቡ። ጦርነቱ ካለቀ ገና አራት ዓመቱ ነው፣ ገበያ ይፈልጋሉ። ግቢውን ዕቃቸውን የሚያሳዩበት ሱቅ አደረጉት ማለት ይቻላል። በ1950 በሩ ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 236,000 ሰው መጣ። ዛሬም ኮረቱን በነጻ የሚያቀርቡት አምራቾቹ ናቸው። ስለዚህ ያ ሁሉ ውበት ማስታወቂያ ነው። እኔን በበኩሌ አይከፋኝም፤ እንደዚህ የሚያምር ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

በነገራችን ላይ፣ እዚያው ቅርብ ኣልስሜር የሚባል ትልቅ የአበባ ጨረታ አለ። ከእኛ አገር እርሻዎች የሚሄደው ጽጌረዳም እዚያ ይሸጣል።

[ምስል፦ የመግቢያው በር፣ ሕዝብ]

መሄድ ካሰባችሁ፣ የሚከፈተው ለስምንት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት እስከ ግንቦት መጀመሪያ መሆኑ ነው። ቱሊፑን ጠግባችሁ ለማየት ሚያዝያ ሲገባ ሂዱ። ትኬቱን ቀድማችሁ በኢንተርኔት፣ ቀንና ሰዓት መርጣችሁ ግዙ። ቅዳሜና እሁድ ግፊያው አይጣል ነው፤ በሥራ ቀን ማለዳ ይሻላል። ጃኬት አትርሱ።

[ምስል፦ ከንፋስ ወፍጮው ላይ የሚታዩ ባለቀለም ማሳዎች]

ንፋስ ወፍጮው ላይ ሳትወጡ እንዳትመለሱ። በ1892 ተሠርቶ፣ በኋላ ከሰሜን ኔዘርላንድስ የመጣ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩ፣ በየፎቶው የምታውቋቸው ጥለት የሚመስሉ ማሳዎች ከአጥሩ ውጭ ተዘርግተዋል። ብዙ ሰው የመናፈሻው ይመስለዋል፤ የገበሬዎች ናቸው። ለፎቶ ብላችሁ መሃል እንዳትገቡ፣ ሰብል ነው የምትረግጡት።

ዕድለኛ ከሆናችሁ፣ ወይም ዕድል ከጠመመባችሁ፣ ማሽን በማሳው ላይ እየሄደ ያበበውን ቱሊፕ አናት አናቱን ሲቀነጥስ ታያላችሁ። አትደንግጡ። አበባው ከቆየ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ሲቀነጠስ ግን ጉልበቱ ወደ ታች፣ ወደ ኮረቱ ይወርዳል። ገበሬው የሚሸጠው ደግሞ ኮረቱን ነው።