ወተት የሌለበት የወተት ሽቶ

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የድሬ ልጆች! እዚህ ከዚራ ሰፈር ድረስ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፀሐዩ በረድ እስኪል ብዬ ነው አመሻሹን የመረጥኩት። ለናንተም ለሽቶውም ይሻላል።

ከሰዓት ጀምሮ «ወተት አለበት ወይ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝን ልመልስ። «የወተት ሽቶ» ያልኩት ነገር ውስጥ አንድ ጠብታ ወተት የለም። ጾመኞች፣ ዘና በሉ! ወተት እንደ ጽጌረዳ በእንፋሎት ተጣርቶ የሽቶ ዘይት አይወጣውም። ሽቶ ቀማሚዎች ወተት ወተት የሚል መዓዛ የሚያገኙት በአብዛኛው ላክቶን ከሚባሉ ውህዶች ነው። በቅቤ፣ በኮክና በኮኮናት ውስጥ በተፈጥሮ አሉ። ከሰንደል እንጨት ዘይት ጋር ሲገናኙ ልስልስ ይላሉ። ቫኒላም ይጨመራል። የቫኒላን ዋና መዓዛ፣ ቫኒሊንን፣ ኬሚስቶች በ1874 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ሠርተውታል። ይኸው እስከ ዛሬ ጣፋጭ ሽቶ በያይነቱ ነው።

እኔን ያላስደሰተኝ ይሄ ጣፋጭነት ነው። ገበያ ላይ ያለው የወተት ሽቶ አብዛኛው ብስኩት ብስኩት ይላል። አቦ፣ እኛ በብስኩት ነው እንዴ ያደግነው? ወተት ይዘው ወደ ድሬ የሚመጡትን እናቶች ጠይቋቸው። ዕቃው በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ወተቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የግመል ወተትም እንደዚያው። ጭሱ ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል። መዓዛው ግን ሌላ ጉድ ነው። አንድ ብርጭቆ አፍንጫችሁ ጋ ስታደርሱ ገና ሳትጠጡ ትከሻችሁ ይወርዳል። እኔ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት የፈለግኩት ያንን ነው።

ስለዚህ ጭስ አለበት። እንጨት ሲቃጠል ከሚወጡት ውህዶች አንዱ ጓያኮል ይባላል፤ የጭስ ሽታን ከሚሰጡት ነው። በጣም ጥቂት ነው የገባው። ትንሽ ካለፈ ጥብስ ቤት ውላችሁ የመጣችሁ ነው የምትመስሉት። ከሥሩ ደግሞ እጣንና ከርቤ አሉ፤ ሁለቱም ከሶማሌ ክልል፣ ከጎረቤት።

ቫኒላውን ግን ቀነስኩት። በሙቀት ሽቶ ቶሎ ይተናል። እንደ ሎሚና ብርቱካን ያሉ ሽታዎች ቀድመው ይሄዳሉ፣ ቫኒላና ሙጫ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በድሬ ቀትር የቀረው ጣፋጭ ያፍናል። ባጃጅ ውስጥ ሽቶ ካበዛ ሰው ጋር የተሳፈረ ይመስክር። ሐረር ላይ ብርድ አለ፣ እዚያ ጠንከር ቢል ያምራል። የሐረር ወዳጆቼ፣ የናንተን ሌላ ቀን።

በሁለት ዓይነት ነው የሠራሁት። አንዱ የሚረጭ ነው፣ አልኮል አለው። ሌላው አልኮል የሌለው ዘይት ነው። አልኮል የማትፈልጉ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ዑድና አተር የሚባሉትን የዘይት ሽቶዎች የለመደ ሰውም ዘይቱን ይወደዋል። ዘይቱ ገላ ላይ ይቆያል፣ ሩቅ ግን አይሄድም። ለእኔ ምርጫው እሱ ነው፤ የሚያጽናና ሽታ ለታቀፈ ሰው እንጂ ለመንገደኛ ምን ያደርጋል?

ወረቀት ላይ ብቻ አሽትታችሁ እንዳትገዙ። እጃችሁ ላይ አድርጉ፣ ማኪያቶ ጠጡ፣ ከዚያ ተመለሱ። ቆዳው የሚቆጣ ሰው መጀመሪያ በትንሹ ይሞክር። ዋጋው ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። እንደምትከራከሩኝ አውቃለሁ፣ እኔም ድሬ ነው ያደግኩት። በሉ፣ ዘይቱ በግራ በኩል ነው።