«ታ» እና «ኔ»፦ ስለ ኦሞአዊ ቋንቋዎች አመዳደብ የቀረበ ንግግር

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላደገ ልጅ የሸማኔ ቤት ድምፅ እንግዳ አይደለም። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እየሰደደ፣ አጠገቡ ከተቀመጠው ዘመዱ ጋር በጋሞኛ ይጨዋወታል። በልጅነቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ «ኔ» የምትል ቃል ትደጋገምብኝ ነበር፤ በአማርኛ የለመደው ጆሮዬም «እኔ» ማለቱ ነው ብሎ ፈታት። ለካስ «ኔ» ማለት «አንተ» ኖሯል፤ «እኔ» ደግሞ «ታ» ነው። በኋላ ቋንቋ ሳጠና ያቺ ስህተቴ፣ ጋሞኛና ዘመዶቹ በየትኛው የቋንቋ ቤተሰብ ይመደቡ ለሚለው ትልቅ ክርክር መግቢያ ሆና አገኘኋት።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በግእዝ «አነ» እና «አንተ»፣ በኦሮምኛ «አኒ» እና «አቲ»፣ በአፋርኛ «አኑ» እና «አቱ» እንላለን፤ ተናጋሪውን ከሰሚው የምትለየው «ት» ሁልጊዜ በሰሚው በኩል ናት። በወላይትኛ፣ በጋሞኛ፣ በዳውሮኛ ግን «ት» ወደ ተናጋሪው ተሻግራ፣ «ን» ለሰሚው ተሰጥታለች። ይህን ልዩነት ጣሊያናዊው የቋንቋ ሊቅ ማርቲኖ ማሪዮ ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1940 አስተውሎ እነዚህን ቋንቋዎች ኦሮምኛንና አፋርኛን ከሚያቅፉት ከሌሎቹ ኩሻዊ ቋንቋዎች ለይቶ ቢያስቀምጣቸውም፣ ከኩሻዊው ቤት ግን አላስወጣቸውም፤ ምዕራብ ኩሻዊ ተብለው ቆዩ። ጆሴፍ ግሪንበርግም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የአፍሪካ ቋንቋዎች አመዳደብ ይህንኑ ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሃሮልድ ፍሌሚንግ ቡድኑ ከኩሻዊ ጋር የሚጋራው የቃልና የሰዋስው ቅርስ አነስተኛ መሆኑን አሳይቶ፣ ሴማዊውንና ኩሻዊውን ቤት አብሮ የሚያቅፈው የአፍሮ እስያ ታላቅ ቤተሰብ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ ነው ሲል ተከራከረ፤ «ኦሞአዊ» የሚለው ስያሜም ከኦሞ ወንዝ ተወስዶ ጸና።

ወደ 30 የሚጠጉት እነዚህ ቋንቋዎች፣ ድንበር ተሻግረው ከሚነገሩ ጥቂቶች በቀር፣ ሁሉም የሚነገሩት በኢትዮጵያ ነው። በሰሜኑ ክፍል ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ፣ ቤንችኛና ሺናሽኛን የመሳሰሉ ሲገኙ፣ በደቡቡ አሪኛ፣ ሐመርኛና ዲምኛ ይገኛሉ።

ከባሕርያቸው ሁለቱን ብቻ አነሳለሁ። በአማርኛ «ሰው አየሁ» እና «ሰውን አየሁ» ስንል፣ ምልክት የምንጨምረው በተሳቢው ላይ ነው። በወላይትኛ ግን ምልክቱን የሚሸከመው ባለቤቱ ነው፤ «አሳ» ማለት ሰዎች ሲሆን፣ ሰዎቹ አድራጊ ሲሆኑ «አሳይ» ይባላል። ይህ የሰዋስው ጠባይ በኦሮምኛም አለ፤ «ነማ» ባለቤት ሲሆን «ነምኒ» ይሆናል። ታዲያ ይህ ከጥንት ወላጅ የተወረሰ ነው ወይስ ጎረቤት ከጎረቤት የተዋሰው? ብዙ ሺህ ዓመት ጎን ለጎን በኖሩ ሕዝቦች መካከል ይህን መለየት የአመዳደብ ሥራ ዋናው ጭንቅ ነው፤ መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥምና።

ሁለተኛው የድምፅ ከፍታ ነው። ቤንችኛ አምስት በአንድ እርከን የሚጸኑና አንድ ሽቅብ የሚወጣ፣ በድምሩ ስድስት የቃና፣ ማለትም ቃልን ከቃል የሚለይ የድምፅ ከፍታ፣ ዓይነቶች አሉት፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ቃና የሚለዩ ቋንቋዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ ቃል ከሌላው የሚለየው በቃናው ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ቃናውን ሳይመዘግብ ቃል የሰበሰበ ተመራማሪ የያዘው ግማሹን ቃል ብቻ ነው።

ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። በሐመርኛ «እኔ» «እንታ»፣ «አንተ» ደግሞ «ያ» ስለሆነ፣ የሰሜኑ «ታ» እና «ኔ» ደቡቡን አንድ አድርጎ አያስርም፤ አንዳንድ ሊቃውንትም የደቡቡን ተውላጠ ስሞች ናይሎ ሰሃራዊ ከሚባለው ሌላ የአፍሪካ ቋንቋ ቤተሰብ ጋር አነጻጽረዋል። ኖርዌያዊው ሮልፍ ታይል እ.ኤ.አ. በ2006 ኦሞአዊ ቋንቋዎች የአፍሮ እስያ አባል ለመሆናቸው የቀረበው ማስረጃ አያሳምንም ብሏል። እኔ በበኩሌ የሰሜኑን ክፍል ዝምድና አልጠራጠርም፤ የደቡቡን ግን «ኦሞአዊ» ብለን ስለጠራነው ብቻ እንደተረጋገጠ አድርገን ለተማሪ ማስተማራችን ትክክል አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ጎፍኛና ዳውሮኛ እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸው እውነት ነው። ይህን መቀራረብ ይዞ አራቱን በአንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማጠቃለል በተሞከረ ጊዜ፣ በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፎቹም ተሰበሰቡ። የቋንቋ ዘር ሐረግ ስለ ጥንት ወላጅ ይናገራል እንጂ፣ ዛሬ ማን በማን ቋንቋ ይማር የሚለውን አይወስንም።

የአዜብ አምሐ የማሌኛ ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ2001፣ የሙሉጌታ ስዩም የዲምኛ ሰዋስው ደግሞ በ2008 ወጥተዋል። ሁለቱም ለብዙ ዘመን በሩቅ ግምት ስንመድባቸው ለነበሩ ቋንቋዎች መረጃውን ከተናጋሪዎቹ አንደበት አቅርበውልናል። እናንተ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤንች፣ ወደ አሪ፣ ወደ ሐመር ስትመለሱ፣ አያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። በመጀመሪያ «እኔ»፣ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እኛ» የሚሉትን ከነግሳቸው፣ ከነቃናቸው ቅረጹ፤ የቀዳችሁበትን ቀበሌና የተናጋሪውን ዕድሜም አብራችሁ መዝግቡ።

አመሰግናለሁ።