ወረቀት አላቸው ወይ?

ክቡራን አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የአርበኞች ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለሚያዝያ 27 በሰላም አደረሳችሁ።

ነገ በጠዋት አራት ኪሎ እንገናኛለን። ጎፈሩና ካባው ከሳጥን ይወጣል፤ ፉከራውም ይቀልጣል።

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ የገቡት ደግሞ በ1933 ዓ.ም.፣ በዚያችው ቀን፣ ልክ በአምስት ዓመቱ። ከተማዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ግን ቀደም ብላ መጋቢት 28 ነበር። ደርግም በዓሉን ወደዚያ አዙሮት ነበር። አባቴ ሁለቱንም ያከብር ነበር፤ አንዱን በአደባባይ፣ አንዱን በጓዳ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

አምና አንድ እናት ቢሯችን መጡ። «እናቴ የውስጥ አርበኛ ነበረች፤ ስሟ ይመዝገብልኝ» አሉ። «ወረቀት አላቸው ወይ?» አልኳቸው። የለም። «ሜዳሊያስ?» እሱም የለም። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት አንድ የጥይት ቀለህ ነው። አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ውስጡ ሦስት መርፌ አለ። እናታቸው በገበያ ቀን ጥይቱን ከጌሾ ሥር ደብቀው ኬላ ያልፉ ነበር። ከድሉ በኋላ አንዷን ቀለህ የመርፌ ማስቀመጫ አደረጓት።

እኔ ምን አልኩ? «ደንቡ አይፈቅድም።» መልሰው ቋጥረዋት ሄዱ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ጥሩ አድርጌ ተኛሁ። ነገሩ የከነከነኝ ቆይቶ ነው።

እስቲ አስቡት። የውስጥ አርበኛ በጠላት መሃል ተቀምጦ አርበኞችን በስውር የሚረዳ ነው፤ ወረቀት ከተገኘበት አለቀለት። የደረሰውን መልእክት አንብቦ ያቃጥላል። እኛ ደግሞ ዛሬ ቁጭ ብለን ያንኑ ያቃጠሉትን ወረቀት አምጡ እንላለን!

በላይ ዘለቀን፣ አበበ አረጋይን፣ በ15 ዓመታቸው ጫካ የገቡትን ጃገማ ኬሎን እንጠራለን፤ ደግ አደረግን። ጥይቱ ግን ከሰማይ አልወረደላቸውም። ከውስጥ አርበኞች ስማቸው የደረሰን ጥቂት ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘው ታስረዋል። ጌሾ ተሸካሚዎቹን ግን ማን ያውቃቸዋል?

ስለዚህ ከዛሬው አጀንዳ ሦስተኛው የደንብ ማሻሻያ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው በቤተሰብ ቃልና በሁለት የአካባቢ ሰዎች ምስክርነት ይመዝገብ የሚል ነው። «የባንዳ ልጅ ሁሉ አርበኛ ነኝ እያለ ሊመጣ ነው» የሚል ቅሬታ ሰምቻለሁ። ይመጣል፣ አልክድም። ለዚያ አጣሪ ኮሚቴ እናቁም። በር ዘግቶ መቀመጥ ግን ማጣራት አይደለም። ደግሞ ፍጠኑ፤ ያዩት እያለቁ ነው፣ ካዩት የሰሙትም እያረጁ ነው። ድምፅ መቅጃ ይዘው የመጡ ወጣቶቻችን በሩ አጠገብ አሉ።

እኚያን እናት አፈላልጌ አግኝቻቸዋለሁ። ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቀለሁንም ይዘዋል። ቡና ሲወጣ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋቸው። ስትከፍቱት ብቻ ቀስ በሉ፣ መርፌዎቹ አሁንም ይወጋሉ።